አየሩን የት ጣላችሁት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። በወጣቶች ገጻችሁ ላይ የተነሳውን ክርክር ከመጀመሪያው ጀምሮ ስከታተለው ነበር። ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልበለው። መጀመሪያ አንድ ጸሐፊ «ከባድም ሆነ ቀላል ነገር እኩል ነው የሚወድቀው፣ ጋሊሊዮ አረጋግጦታል» ብሎ ጻፈ። በቀጣዩ እትም አንድ አንባቢ ተነሳና «ውሸት ነው» አለ። ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ አንዱን ውሃ ሞልቶ ሌላውን ባዶውን፣ እኩል ለቅቆ አይቷል። ሙሉው ቀድሞ ደረሰ። እናንተ ደግሞ ከደብዳቤው ሥር በአንድ መስመር «ሕጉ የሚሠራው አየር በሌለበት ነው» ብላችሁ ነገሩን ዘጋችሁት።

ለኔ ከሁሉም ያናደደችኝ ያቺ አንድ መስመር ናት። ስህተት ሆና አይደለም፣ ትክክል ናት። ግን አየር የሌለበት ቦታ የት ነው? ፒያሳ ነው ወይስ ሰሚት? ሰውዬው ያየውን ጻፈ፣ መልሱ «ያየኸው አይቆጠርም» ሆነበት። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጆች ከዚህ ትምህርት የሚሸሹት እንዲህ ያለ መልስ ሲበዛባቸው ነው።

ስለዚህ እስቲ ሃይላንዱን ደህና አድርገን እንየው።

አራተኛ ፎቅ ከመሬት 12 ሜትር ገደማ ነው እንበል። ሙሉው ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ፣ ባዶው 20 ግራም ቢሆን ነው። ቅርጻቸው አንድ፣ ስፋታቸው አንድ። ሲለቀቁ ልክ እኩል ነው የሚጀምሩት፣ ምክንያቱም መሬት ስትስብ በየሰከንዱ የሁለቱም ፍጥነት ላይ 9.8 ሜትር በሰከንድ ትጨምራለች። (እግረ መንገዴን፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ «የስበት ፍጥነት 9.8 ሜትር በሰከንድ ነው» ተብሎ የታተመው ይታረም። 9.8 ፍጥነት አይደለም፣ በየሰከንዱ ፍጥነት ላይ የሚጨመር ነው። ለፈተና የሚያነብ ልጅ ይሳሳትበታል።)

ከዚያ በኋላ አየሩ ይገባል። የሚወድቅ ነገር ከፊቱ ያለውን አየር እየገፋና እየሰነጠቀ ነው መውረድ ያለበት፣ አየሩም በተራው ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ግፊያ ክብደት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የነገሩን ስፋት፣ ቅርጹን፣ የአየሩን መወፈርና መሳሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍጥነቱን ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊያው አራት እጥፍ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ። ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ስንጎትት የሚይዘን ሰበቃ እንዲህ አይደለም፣ እሱ ቀስ ብንልም ብንፈጥንም ብዙ አይለዋወጥም። አየር ግን በፈጠኑበት መጠን ይብስበታል።

እንግዲህ ሁለቱ ጠርሙሶች አንድ ፍጥነት ላይ ሲሆኑ አየሩ የሚገፋቸው እኩል ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከሁለት ሰው ኪስ እኩል 20 ብር ቢቆረጥ፣ አንዱ 500 ብር የያዘ ሌላው ያችኑ 20 ብር ብቻ የያዘ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ነገሬ አይለውም፣ ሁለተኛው ግን ባዶ ኪሱን ይቀራል። ባዶው ሃይላንድ የደረሰበት ይኸው ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ5 እስከ 6 ሜትር ሲሆን የአየሩ ግፊያ ከጠቅላላ ክብደቱ ጋር እኩል ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያፋጥነው የለም። መውረዱን አያቆምም፣ መፍጠኑን ነው የሚያቆመው። ይህን ከዚህ ወዲያ የማይጨምር ፍጥነት ነው ተርሚናል ቬሎሲቲ የሚሉት። ሙሉው ግን 1.6 ሰከንድ ገደማ በሆነ ጊዜ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ መሬት ይመታል፣ ባዶው አንድ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይደርሳል። የአንባቢያችሁ ዓይን አልዋሸም።

ጋሊሊዮም አልዋሸም። ሰዎች የሚረሱት እሱ ራሱ የጻፈውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ክርክር አለ። አርስቶትል እንደሚለው ከሆነ መቶ ፓውንድ የሚመዝን ኳስ መቶ ክንድ ወርዶ መሬት ሲደርስ፣ አንድ ፓውንድ የሚመዝነው ገና አንድ ክንድ ነው የሚወርደው። ሲሞከር ግን ከባዱ የሚቀድመው በሁለት ጣት ስፋት ብቻ ነው። ሁለት ጣት! ልዩነቷን አልደበቃትም። ከዚያም ተከራካሪውን የአርስቶትልን ዘጠና ዘጠኝ ክንድ ከኔ ሁለት ጣት ጀርባ ልትደብቅ ነው ወይ ብሎ ያፋጥጠዋል። ያቺ ሁለት ጣት የአየሩ ድርሻ እንደሆነች ገብቶታል። ፒሳ ማማ ላይ ወጥቶ ኳስ ጣለ የሚባለውን ወሬ የጻፈው ተማሪው ቪቪያኒ ነው፣ ብዙ የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም። ከእሱ በፊትም ስቴቪን የሚባል ሰው ሆላንድ አገር ዴልፍት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1586 ሁለት የእርሳስ ኳሶች ጥሎ አይቷል፣ አንደኛዋ ከሌላዋ አሥር እጥፍ ትከብድ ነበር።

አየር የሌለበት ቦታ ካላችሁ ደግሞ ጨረቃ አለች። የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት ሐምሌ 26 ቀን 1963 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ መዶሻ በሌላው የጭልፊት ላባ ይዞ እኩል ለቀቃቸው፣ እኩል አረፉ። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ጨረቃ መሄድ ለማይችል ሰው ደግሞ ደብተር ይበቃዋል። ከደብተሩ ያነሰች ብጣሽ ወረቀት ላዩ ላይ አስቀምጦ ደብተሩን አግድም እንደያዘው ይልቀቀው። ለብቻዋ ብትሆን ስትንሳፈፍ የምትቆየው ወረቀት ከደብተሩ ጋር ተጣብቃ ትወርዳለች። ሙጫ የለም፣ ደብተሩ ከፊቷ ያለውን አየር ጠርጎላት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። «የአየር ተቃውሞ የለም ብለህ አስላ» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያውቃታል፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ እስከ ማትሪክ ትከተለናለች። እኔም ክፍል ውስጥ እላታለሁ። አየሩ ሲገባ ስሌቱ ለጀማሪ ይከብዳል፣ ፍጥነቱ በተለወጠ ቁጥር ግፊያው ይለወጣል፣ ግፊያው ሲለወጥ ደግሞ መልሶ ፍጥነቱን ይነካዋል፣ እንዲህ እየተጠላለፈ ይሄዳል። ለመጀመሪያው ሰሞን አየሩን ወደ ጎን ማድረግ ያስኬዳል። ግን ወደ ጎን ያደረግነውን ማን ተመልሶ ያነሳዋል? ማንም። ልጁ አየር በሌለበት ዓለም ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ ይወጣል።

ዝናብን እንውሰድ። ተማሪው 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ካለ ደመና የተለቀቀች ጠብታ መሬት ስትደርስ ፍጥነቷ ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል። ያሰላል፣ በሰከንድ 200 ሜትር ያህል ያገኛል፣ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ራይት ይደረግለታል። «ቆይ እንጂ፣ እንዲህ ከሆነ ክረምት ላይ ማን በሕይወት ይተርፋል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እውነቱ ግን ትልቅ የሚባለው የዝናብ ጠብታ፣ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ነው የሚወርደው፣ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከዚያ ብዙ ትተልቅ እንደሆነ አየሩ ከሥር ይጨፈልቃትና ይበታትናታል። ካፊያ በሰከንድ 2 ሜትር አካባቢ ነው። ጠዋት እንጦጦ ላይ የምናየው ጉም እንኳ እየወደቀ ነው፣ ነጠብጣቦቹ በጣም ከማነሳቸው የተነሳ በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚወርዱት፣ ትንሽ ሽው የሚል ነፋስ ከሥር ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ወደ ላይ ይወጣሉ።

በረዶ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይከፋል። ክብ በረዶ ወርዱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ አየሩ የሚገፋው ፊቱ ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ አየሩ እንደ በፊቱ ሊይዘው አይችልም፣ ፍጥነቱ በ40 ከመቶ ይጨምራል፣ ሲያርፍ ያለው ጉልበት ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። አሥራ ስድስት! አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነው በረዶ ቆርቆሮ ላይ ተንኳኩቶ ሲያልፍ የሁለትና የሦስት ሴንቲ ሜትሩ ማሳ አውድሞ የሚሄደው ለዚህ ነው። ይኼ የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ ነው፣ ከባድ አይደለም፣ አየሩን ካላባረርነው።

ይህን ሁሉ ያለ ካልኩሌተር የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ገበሬዎች ናቸው። አውድማ ላይ ምርት ሲዘራ አይታችሁ ከሆነ፣ የተወቃው እህል በመንሽ ወደ ላይ ይበተናል፣ ነፋሱ ከጎን ይመጣል። ፍሬው እዚያው እግር ሥር ይከመራል። ገለባው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያርፋል። እብቁ ከሁሉም ርቆ ይሄዳል። በአንድ ውርወራ ሦስት ቦታ ተለየ ማለት ነው፣ የለየውም ክብደት ብቻውን ሳይሆን ክብደትና ስፋት ተደማምረው የሚሰጡት የመውደቅ ፍጥነት ነው። ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ የደረሰ የስንዴ ፍሬ በግማሽ ሰከንድና ትንሽ መሬት ይደርሳል፣ ነፋሱ ለመውሰድ ጊዜ የለውም። በሰከንድ አንድ ሜትር የሚወርድ እብቅ ግን ሁለት ሰከንድ አየር ላይ ይቆያል፣ ነፋሱ በሰከንድ 2 ሜትር ቢነፍስ አራት ሜትር ይዞት ይሄዳል።

ጤፍ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የጤፍ ፍሬ ሺው ተቆጥሮ ግማሽ ግራም አይሞላም። ነገር ባነሰ ቁጥር ከክብደቱ ይልቅ ገላው ይበዛል፣ አየሩም የበለጠ ይይዘዋል። ስለዚህ የጤፍና የእብቁ የመውደቅ ፍጥነት እንደ ስንዴ የተራራቀ አይደለም። ስንዴ የሚያጠራ ነፋስ ጤፉን ከነገለባው ይዞት ይነጉዳል። ለዚህ ነው ነፋሱ ሲበረታ ሥራውን ትተው የሚቀመጡት፣ ለስለስ ሲል የሚነሱት፣ የቀረውን ደግሞ ሴቶቹ በሰፌድ እያበጠሩ የሚጨርሱት። ይህን የምታውቅ እናት ያላት ልጅ ክፍል ገብታ «አየር የለም» ስትባል ምን ታስብ ይሆን? መጽሐፋችን ውስጥ የፒሳ ማማ ሥዕል አለ፣ የአውድማ ግን አላየሁም።

አንድ ተማሪ «ያለ ፓራሹት እየወደቀ ያለ ነገር መሀል ላይ ፍጥነቱ ሊቀንስ ይችላል ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ይችላል። ፌሊክስ ባውምጋርትነር የተባለ የፓራሹት ዘላይ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ከ39 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲዘል እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፍጥነቱ በሰዓት 1,357 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር፣ ከድምፅ በላይ። ዝቅ እያለ ሲመጣ አየሩ እየወፈረ ያዘው፣ ፓራሹቱን ገና ሳይዘረጋ ፍጥነቱ በጣም ወርዶ ነበር። ተራ ዘላይ ሆዱን ወደ መሬት አድርጎ ሲወርድ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ፓራሹቱ ሲዘረጋ ወደ 18 ይወርዳል። ሰውየው ያው ነው፣ ክብደቱም ያው፣ የተለወጠው ስፋቱ ነው። የኛም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሯ ከጅቡቲው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ አንድ ዓይነት በረዶ እዚህ ከዚያ ትንሽ ፈጥኖ ይወርዳል።

ይሁን፣ ይኼ ሁሉ ጨዋታ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ሁለት ነገር ላይ ግን ጨዋታ አይደለም።

አንደኛው የሕንፃ ግንባታ ነው። ከአሥረኛ ፎቅ፣ 30 ሜትር በሉት፣ አንድ ኪሎ መዶሻ ቢያመልጥ 2.5 ሰከንድ ገደማ ውስጥ መሬት ነው። ያለ አየር ቢሰላ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ አየሩ ተቆርጦ 80 ገደማ ይሆናል። ዝናብን ከ700 ወደ 32 ያወረደው አየር መዶሻውን ይህን ያህል አላደረገውም ማለት ነው፣ ብረት ስለሆነ፣ ጠባብ ስለሆነ፣ ደግሞ መንገዱ አጭር ስለሆነ። ከላይ «ኧረ ዞር በል!» ተብሎ ሲጮህ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቀና ብሎ ማየት ነው። ያን እስኪያደርግ ግማሹ ጊዜ አልቋል።

ሰዎች የሚሳሳቱት ግን ቆርቆሮው ላይ ነው። ቆርቆሮና ሰፋፊ ጣውላ እንደ መዶሻ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ግራና ቀኝ እየዋለለ፣ አንዴ በጠርዙ እየሰነጠቀ አንዴ በሆዱ አየሩ ላይ እየተኛ፣ ነፋስ ካለ ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ ያርፋል። ቀስ ብሎ የሚወርድ ይመስላል፣ በጠርዙ ሲዞር ግን ይፈጥናል። ብዙ ቦታ የማየው ከግድግዳው ሥር ሁለት ሜትር ያህል በገመድ ወይም በቆርቆሮ ታጥሮ ከዚያ ወዲህ ሕዝብ እንዲያልፍ ሲደረግ ነው። ያ አጥር ለመዶሻው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ለቆርቆሮው ግን ምኑም አይደለም። ለመዶሻው ጣሪያ ያለው መተላለፊያና መረብ ያስፈልጋል፣ ቆርቆሮው ግን ላይ ሳለ መታሰር ነው ያለበት። አረንጓዴው መረብም ተቀድዶ ከተንጠለጠለ ለጌጥ ነው። የራስ ቆብ ለሠራተኛው አለ፣ አንዳንዴ፤ ሥሩ በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ግን የላትም።

ሁለተኛው ጥይት ነው። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለደስታ ወደ ሰማይ መተኮስ በብዙ አካባቢያችን የቆየ ነገር ነው፣ የሚተኩሱትን ስትጠይቋቸው «ወደ ሰው አልተኮስኩም» ይላሉ። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ነው ፍጥነቱ። «አየር የለም» ያለው ልጅ ቢያሰላ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ በዚያው ፍጥነት ተመልሶ ይመጣል ይላችኋል። አየሩ ግን ያን ያህል አያስኬደውም፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጥቶ ይቆምና ይመለሳል፣ ሲወርድ ደግሞ ተርሚናል ቬሎሲቲው በሰከንድ ከ70 እስከ 90 ሜትር አካባቢ ነው። ከወጣበት ጋር ሲተያይ አንድ አሥረኛ ነው። እዚህ ላይ ነው ግማሽ ትምህርት የሚያጠፋው፣ «አየሩ ያበርደዋል፣ ምንም አያደርግም» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። የሰው ቆዳ ለመበሳት በሰከንድ 60 ሜትር ገደማ ይበቃል። በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣ ብረት አናት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ደግሞ መምህር አያስፈልግም።

የት እንደሚያርፍም ተኳሹ አያውቅም። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ጁሊያን ሐቸር የተባለ አሜሪካዊ መኮንን ፍሎሪዳ ውስጥ ውሃ ላይ መድረክ አሠርቶ ወደ ላይ በመትረየስ አስተኩሶ ነበር። ሆን ተብሎ፣ ተለክቶ፣ ጥይቶቹ ተመልሰው መድረኩ ላይ እንዲያርፉ ተፈልጎ ነው። ከ500 በላይ ተተኩሶ መድረኩ ላይ ያረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ የቀሩትን ላይ ያለው ነፋስ ወደፈለገው ወሰዳቸው። ሠርግ ላይ ጠላ ጠጥቶ፣ እየጨፈረ፣ በአንድ እጁ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አይተኩስም፣ ያጋድለዋል። ያጋደለ ጥይት መሽከርከሩን ሳይተው በአፍንጫው ነው የሚወርደው፣ አየሩን በቀላሉ ይሰነጥቃል፣ ፍጥነቱን ብዙ አይጥልም፣ ከላይ ከጠቀስኩት 90 ሜትር እጅግ ሊበልጥ ይችላል። የሚያርፈው ደግሞ ሠርግ መኖሩን እንኳ ካልሰማ ሰው ግቢ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለክርክሩ መልስ ከምትፈልጉ ይልቅ አንድ ሥራ ብትሠሩልን ደስ ይለኛል። ጋዜጠኛ መድባችሁ ሆስፒታሎችንና ፖሊስን ጠይቁ። ከሰማይ በወረደ ጥይት የተጎዳ ሰው ሲመጣ ለብቻው ይመዘገባል ወይስ ከሌላው የጥይት ጉዳት ጋር ተደባልቆ ይቀራል? ከግንባታ ላይ በወደቀ ዕቃ የተመታ መንገደኛስ በየትኛው መዝገብ ነው የሚገባው፣ በሥራ አደጋ እንዳይባል ሠራተኛ አይደለም። መልሱን ካገኛችሁ አትሙት፣ እኔም ለክፍል ይዤው እገባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር
አዲስ አበባ